ስንጥር ወፈረ

ሰው ሲወፍር ማየት የሚያስደስተን ሰዎች ነን። ከርመን ያገኘነውን ሰው ገና እጁን ሳንለቅ ዓይናችን ፊቱን ይመዝናል። ሞላ ካለ «አማረብህ! ተመችቶሃል!» እንለዋለን፤ ጎደል ካለ ደግሞ «ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?» ብለን ደህናውን ሰው ታማሚ እናደርገዋለን። በዚህ ጉዳይ ማንም ሳይሾመው ሁሉም ዳኛ ነው። የዚህ ታሪክ ባልና ሚስትም የሚኖሩት በእንዲህ ዓይነት ዳኞች መካከል ነው፤ አንባቢም እግረ መንገዱን ራሱን ቢያገኝ አይቀየመን።

ባልየው ሴራሚክ አንጣፊ ነው። የመታጠቢያ ቤትና የማድቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ አንዷን ንጣፍ ከሌላዋ እያገጣጠመ፣ በጎማ መዶሻ ቀስ እያለ እየመታ ነው ኑሮውን የሚገፋው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀጭን ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ «ስንጥር» ይለዋል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታቸው በር ላይ ባለች ጠባብ ክፍል የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትውላለች። ሰፈሩ ቀልድ አያጣምና ሲጋቡ «ስንጥርና ሰፊ ተጋቡ» ተባለ፤ እሷ ግን ሰፊ የሆነችው በሙያዋ እንጂ በወገቧ አይደለም።

ስንጥር ከጥቂት ዓመታት በፊት ክፉ ሕመም ታሞ ነበር። ኢንፌክሽን ደሙ ውስጥ ገብቶ ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። አንገቱ ሥር በገባች ቱቦ ደሙ በማሽን እየታጠበ ወራት ከረመ። ደግነቱ ኩላሊቶቹ ተመልሰው ነቁ፤ ቱቦዋም ወጣች። ከዚያ ሁሉ መከራ የቀረችው ከኮሌታው በታች የምትደበቅ ትንሽ ጠባሳ ናት። መጀመሪያ አካባቢ ለክትትል ይመላለስ ነበር፤ በኋላ «ድኛለሁ» ብሎ ተወው። የዚያ ማሽን ድምፅ ትዝ ባለው ቁጥር ይዘገንነው ስለነበር ስለ ሆስፒታል ቤት ውስጥ ማውራትም ቀረ።

የስንጥር እናት በየሳምንቱ ልጃቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ሳይቀመጡ በፊት መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥለው ማድቤቱን፣ መጨረሻ ላይ ምራታቸውን ያያሉ። «እኔ እኮ ልጄን የሰጠሁሽ እንድታፋፊው ነው እንጂ እንድታደርቂው አይደለም» ይሏታል። እየሳቁ ነው የሚሉት፤ ሳቁ ውስጥ ግን መርፌ አለበት። ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ከመርፌ ጋር ብትኖርም ይሄኛውን አልለመደችውም። ያላበሰለችው፣ ያልሞከረችው የለም። ስንጥር የቀረበለትን ሁሉ ጥርግ አድርጎ ይበላል፤ ከዚያ ያው ስንጥር ሆኖ ይነሳል።

እንዲህ ሲባል ሲባል፣ አንድ ሰሞን የስንጥር ፊት መሙላት ጀመረ።

መጀመሪያ ያየው የጥጉ ባለሱቅ ነው። «ስንጥር! ምን ተገኘ? ግንድ ልትሆን ነው እንዴ!» ብሎ ከሱቁ ውስጥ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ያገኘው ሁሉ ስለ ጉንጩ ሳያነሳ አያልፍም። ስንጥር ዕድሜውን ሙሉ «ነፋስ እንዳይወስድህ» ሲባል የኖረ ሰው ነውና ነገሩ ደስ አለው። ደረቱን ነፋ አድርጎ መሄድ ጀመረ።

በሳምንቱ እናቱ መጡ። ከበር እንዳዩት ቦርሳቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው ጉንጩን ያዙ።

«እሰይ! እሰይ! የኔ ልጅ፣ ሰው መሰልክልኝ!» አሉ። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው፣ ከተጋቡ ጀምሮ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀውን ቃል አወጡት። «እጅሽ ይባረክ።»

ልብስ ሰፊዋ «አሜን» ብላ ወደ ማድቤት ሮጠች። የሚጣድ ነገር ኖሯት አይደለም፤ እንባዋ መጥቶባት ነው። ያቺን ቃል ስንት ዓመት ጠብቃታለች።

ብዙም ሳይቆይ ስንጥር ሸሚዙን ይዞ ወደ ስፌት ክፍሏ ገባ። «አንገቱ ያንቀኛል» አላት። ቁልፏን ወደ ጠርዝ ገፋ አድርጋ ተከለችለት። ከርሞ ያንኑ ሸሚዝ መልሶ አመጣው። አሁን ቁልፍ የሚገፋበት ቦታ ስላልነበረ ኮሌታውን ፈትታ ሰፋ ያለ አዲስ አደረገችለት። «የባለ ድሎት ሚስት መሆን ሥራ ያበዛል» ብሎ ቀለደባት፤ ሳቀች።

አንድ ቀን ግን ሱሪ ይዞ መጣ። «ወገቡን ትንሽ አጥብቢልኝ» አላት።

ሜትሯን ወገቡ ላይ አዞረች። ስፒሎቹ በጥርሷ መካከል እንዳሉ ቆመች። ወገቡ እንደ ወትሮው ቢሆን እንኳ በተሻለ፤ ጭራሽ ቀንሷል። ሰው ከአንገቱ እየሰፋ ከወገቡ የሚጠበው እንዴት ነው? ጨርቅ እንኳ ሲያጥር ከአንድ ወገን ነው፣ ሲሳብም ያስታውቃል። የሰው ልክ በመያዝ የኖረች ሴት ናትና ነገሩ ሊጠፋት አይችልም። ሆኖም ለራሷ «ሥራ በዝቶበት ነው፤ ድካሙ ሆዱን አክስቶት ነው» አለችና ሜትሯን ጠቅልላ አስቀመጠች። እውነቱን ለመናገር፣ ማወቅ አልፈለገችም።

ስንጥርም ቢሆን የሚደብቀው ነበረው። ጠዋት ጠዋት ሲነሳ የዓይኑ ቆቦች አብጠው እስኪከፈቱ ድረስ መስታወት ፊት ቆሞ ይጠብቃል። የጋብቻ ቀለበቱ በሳሙናም አልወጣ ብሏል። ጎንበስ ባለ ቁጥር ጭንቅላቱ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ ስለዚህ ማሰሪያ ያለውን ጫማ ትቶ ዝም ብሎ የሚጠለቅ ገዛ። ትራስ በትራስ ላይ ደራርቦ የተቀመጠ ያህል ሆኖ ነው የሚተኛው። ስትጠይቀው «እንዲህ ይመቸኛል» ይላታል።

ነገሩን ያፈረጠው፣ ሳያስበው፣ የሥራ አለቃው ነው። ፎርማኑ ሱሪ ሊያሳጥር ወደ ልብስ ሰፊዋ መጥቶ ወግ ጀመረ።

«ባልሽ ዘንድሮ ኮርቷል» አላት እየሳቀ። «ግድግዳ ብቻ ነው የሚሠራው። ወለል ስንለው እምቢ አለ። የወፈረ ሰው መንበርከክ ያንሰዋል መሰለኝ!»

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ስንጥር ማለት ወለል ነው። ውኃ ወዴት እንደሚሄድ አስልቶ ወለል ሲያዘነብል የሚያህለው የለም ተብሎ የሚወደሰው እሱ ነው። ማታ ራት ላይ ጠየቀችው።

«ወለል ለምን ተውክ?»

«ሰለቸኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መሬት መሬት ሳይ ኖሬ የለ? እስኪ አሁን ደግሞ ቀና ብዬ ልይ።»

«ድምፅህስ ለምን ጎረነነ?»

«ሰውዬው ከወፈረ ድምፁ ቀጭን ሆኖ ሊቀር ነው?»

«አትቀልድብኝ። ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ስንጥር ማላመጡን አቆመ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ከሄድኩ ኩላሊትህ ተመልሶ ታሟል ይሉኛል። ከዚያ ያንን ማሽን መልሰው ይቀጥሉብኛል። አገር ሁሉ አማረብህ እያለኝ አንቺ ለምን ታሳምሚኛለሽ? ተይኝ፤ ዝም አይነቅዝም።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች፤ እውነት ነው፣ የነገር ዝምታ አይነቅዝም። የበሽታ ዝምታ ግን ይነቅዛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉትም እነዚያው አባቶች ናቸው፤ ስንጥር የሚመቸውን መርጦ ወሰደ። ልብስ ሰፊዋም ዝም አለች። ማሽኑን እሷም ትፈራዋለች። ከፍርሃቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ባሏ ከታመመ «እጅሽ ይባረክ» የምትለው ምርቃት አብራ ልትሄድ ነው። እንዲህ ማሰቧን ስታውቅ በራሷ አፈረች፤ አፍራም ዝም አለች።

ይህ በሆነ ሰሞን የስንጥር እናት አንድ ሐሳብ አመጡ። «ይህ ፊት ሳይሄድብኝ ፎቶ እንነሳ!» ሳሎናቸው ውስጥ ያለው የልጃቸው ፎቶ ሁሉ አጥንት ነው። አሁን የሞላውን ጉንጭ በትልቅ ፍሬም ሰቅለው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊያዩት ፈለጉ። ማን እምቢ ይበላቸው? ሦስቱም ያላቸውን ለብሰው ፎቶ ቤት ሄዱ።

ፎቶ ቤቱ ጠባብ ናት። ከግድግዳው ላይ የአበባ አትክልት የተሣለበት መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ከፊቱ አንዲት በርጩማ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ በነጭ ጃንጥላ የተሸፈኑ መብራቶች አሉ። ፎቶ አንሺው እናትየውን በርጩማው ላይ አስቀመጠ፤ ባልና ሚስቱን ከኋላ አቆመ። አንዴ አነሳቸውና ደስ አላለውም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ረዘሙብኝ። ወደ እማማ ጎንበስ ይበሉልኝ። ትንሽ… ትንሽ… አዎ፣ እንደዚያው ይቆዩ። ፈገግ!»

ስንጥር ጎንበስ ብሎ ፈገግ አለ። መብራቱ ብልጭ አለ። ስንጥር ቀና ሊል ሲሞክር ግን ቤቱ ዞረበት። ፊቱ ቀይ ሥር መስሎ መጋረጃውን ጨበጠ፤ የአበባው አትክልት ከነሽቦው በላዩ ላይ ተንኮታኮተ። ከጨርቁ ሥር ሲያወጡት ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«ሙቀቱ ነው፤ የመብራቱ ሙቀት ነው» አሉ እናትየው እያራገቡለት። «ውኃ ስጡት። ደግሞ ፎቶው ወጥቷል አይደል?»

ፎቶ አንሺው ምስሉን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ አጎላው። ሁሉም ተጠግተው አዩ። ከስንጥር ኮሌታ በላይ፣ በግራና በቀኝ፣ ጣት የሚያህሉ የደም ሥሮች ተወጥረው ቆመዋል። ልብስ ሰፊዋ ባሏን በየቀኑ ታየዋለች፤ እንዲህ አድርጋ ግን አይታው አታውቅም።

«አይስጉ እማማ» አለ ፎቶ አንሺው በጎ የሠራ መስሎት። «እነዚህን የአንገት ሥሮች ላጥፋቸው? አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«አጥፋቸው ልጄ። ጉንጩን ግን እንዳትነካብኝ!»

«እንዳታጠፋ!»

የጮኸችው ልብስ ሰፊዋ ናት። እሷም በራሷ ድምፅ ደነገጠች። ከዚያ ግን ከቦርሳዋ ሜትሯን መዘዘች፤ በእናቱ ፊት የባሏን አንገት ለካች፣ ቀጥላ ወገቡን ለካች።

«ይዩ እማማ። አንገቱን እያሰፋሁ ወገቡን እያጠበብኩ ከረምኩ። የወፈረ ሰው እንዲህ አይሆንም። አውቄ ነው ዝም ያልኩት። እጅሽ ይባረክ ያሉኝን ምርቃት መልሰው ይውሰዱት፤ ያወፈርኩት እኔ አይደለሁም። ልጅዎ አልወፈረም፣ አብጧል።»

«ሟርተኛ!» አሉ እናትየው። «ልጄ ገና ቢያምርበት ታሳብጪብኛለሽ? ሰው እንዴት በባሉ ጤና…»

ፎቶ አንሺው መሃል መግባት ፈርቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ጋሼን እኮ እኔ ነኝ ለመታወቂያ ያነሳኋቸው። አለኝ መሰለኝ» ብሎ ፈላልጎ አሮጌውን ምስል ከአዲሱ ጎን አቀረበው።

እናትየው መነጽራቸውን አደረጉ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዩ። ጉንጭ ለጉንጭ ሲያወዳድሩ ደስታቸው አልቀነሰም ነበር፤ ዓይኑ ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ምስሉ ይበልጥ ተጠጉ። በአሮጌው ፎቶ ላይ የሚያውቁት፣ ሲወለድ ጀምሮ ያዩት፣ ቀልደኛው የልጃቸው ዓይን አለ። በአዲሱ ላይ ያ ዓይን በእብጠት መካከል ሰጥሞ ስንጥቅ ብቻ ቀርቷል።

«የልጄን ዓይን ማን ወሰደው?» አሉ ቀስ ብለው። መጋረጃው ላይ ወደ ተቀመጠው ልጃቸው ዞሩ። «አንተ፣ ያምሃል እንዴ?»

ስንጥር መጀመሪያ ሊቀልድ አፉን ከፈተ። ከዚያ የእናቱን ፊት አየና ተወው። «ጫማዬን ካሰርኩ ቆየሁ፣ እማዬ» አላቸው።

በማግስቱ ሦስቱም ሆስፒታል ነበሩ። ደሙም ሽንቱም ተመረመረ። ስንጥር ውጤቱን ሲጠብቅ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ያ ማሽን ነው የሚታየው።

«ኩላሊትዎ ደህና ነው» አለች ሐኪሟ።

ስንጥር ተነስቶ ሊስማት ምንም አልቀረው። እናቱ በእፎይታ ወንበሩ ላይ ተደላድለው «እንግዲያው ድሎት ነው በያ!» አሏት።

«ድሎት ቢሆን ኖሮ ሆዱም እግሩም ድርሻቸውን ያገኙ ነበር፣ እማማ» አለች ሐኪሟ ፈገግ ብላ። «ያበጠው ከደረቱ በላይ ያለው ብቻ ነው።» ሸሚዙን አስከፈተችው። ደረቱ ላይ ቀጫጭን ሰማያዊ የደም ሥሮች እንደ ሐረግ ተዘርግተዋል። ከዚያ አንገቱ ሥር ያለችውን ጠባሳ ነካ አድርጋ «ይቺ የምንድን ናት?» ብላ ጠየቀች። ታሪኩን ከሰማች በኋላ ወደ ሲቲ ስካን ላከችው።

ምስሉ ሲመጣ ሁሉንም ጠርታ አስረዳች። «ከጭንቅላት፣ ከአንገትና ከእጅ የሚመለሰው ደም ሁሉ ደረት ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ የደም ሥር በኩል ነው ወደ ልብ የሚገባው። ያኔ በአንገትዎ የገባችው ቱቦ ጫፏ እዚያ ድረስ ይደርስ ነበር። ሕይወትዎን አትርፋለች። ግን የነካችው ቦታ ጠባሳ አወጣ፤ ጠባሳው ከዓመት ዓመት መንገዱን አጠበበው። አሁን የቀረው የመርፌ ቀዳዳ በሉት።»

ስንጥር ምስሉን አተኩሮ አየ። ፊቱ በራ። «ገባኝ! የመታጠቢያ ቤቱ ማፍሰሻ ተደፍኖ ውኃው ወለሉ ላይ ተኝቷል በሉኛ!»

«ልክ ነው። እርስዎ ጋ ወለሉ ፊትዎ ሆነ እንጂ።»

«የሰው ማፍሰሻ ስከፍት ኖሬ የራሴ ተደፈነ!» አለና ከልቡ ሳቀ። ሐኪሟም ሳቀች።

ሕክምናውንም ነገረቻቸው። በታፋው በኩል፣ በደም ሥር ውስጥ፣ ቀጭን ሽቦ ያሳልፋሉ። የጠበበው ቦታ ሲደርሱ ትንሽ ፊኛ ነፍተው ያሰፉታል፤ መልሶ እንዳይጠብ ደግሞ እንደ መረብ የተሠራ የብረት ቱቦ እዚያው ይተዋሉ። ስቴንት ይባላል። ደረቱ አይከፈትም፤ የሚደነዝዘው መርፌው የሚገባበት ቦታ ብቻ ነው።

«ብረት?» አሉ እናትየው። «ልጄ ልብ አጠገብ ብረት? እንዲያው ብንተወውስ? ስንቱ እያበጠ ይኖር የለ?»

«እማማ፣ የተኛ ውኃ ቤት ያፈርሳል። ይሄም ጭንቅላቱንና መተንፈሻውን ያስጨንቃል፤ ደሙም እዚያው ሊረጋ ይችላል። ሕክምናው አንዳች አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። ደም ሊፈስ ይችላል፤ ስቴንቱም ከጊዜ በኋላ ሊጠብና እንደገና ልንከፍተው እንችላለን። መተዉ ግን ይብሳል።» ከዚያ ወደ ሦስቱም ዞረች። «ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። እንዲህ ያለ እብጠት አንዳንዴ የሚመጣው ደረት ውስጥ ያለ እጢ ያንን የደም ሥር ተጭኖት ነው። የኩላሊት፣ የልብም ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ ሳልመረምር አልለየውም፤ ቤት ውስጥ በመስታወት የሚለይ ሰው የለም።»

«ቀድመን ብንመጣስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ቀድማችሁ ብትመጡ ለሁላችንም ይቀል ነበር። ግን መጥታችኋል።»

የሕክምናው ዕለት አማትና ምራት ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናትየው የሚይዙት ነገር አጡ፤ ከምራታቸው ቦርሳ የሜትሩ ጫፍ ወጥቶ ስላዩ ሳብ አድርገው ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉትና ይፈቱት ጀመር።

«መልሰው ይውሰዱት ያልሽኝ ምርቃት…» አሉ በመጨረሻ።

«ተናድጄ ነው እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አልወስደውም። የሰጠሁሽ ግን ለማይሆን ነገር ነበር። ልጄ ቀጭን የሆነው በአንቺ ማድቤት አይደለም፤ አባቱም እንዲሁ ነበር። የኔም አማት ልጄን አደረቅሽው እያሉ ሲያሳርሩኝ ኖረዋል።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻቸው። «እውነት? ታዲያ እርስዎ ለምን…»

«ምን ላድርግ፣ ሲሉኝ የለመድኩትን ነዋ! አማት ሲኮን የሚባለው እሱ መስሎኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። አማቷም ተከተሏት፤ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል ሁለቱም አፋቸውን ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። ሐኪሟ በሩን ከፍታ ስትወጣ ምን እንደገጠማቸው ግራ ገባት።

«ተከፍቷል» አለቻቸው። «ደሙ ወደ ልቡ እየወረደ ነው።»

ስንጥር ሕክምናውን ያሳለፈው ነቅቶ ነው። ፊኛው ሲነፋ ደረቱን ጫን እንዳደረገው፣ ከዚያ ግን የራስ ምታቱ የነበረበትን ቦታ ሲፈልግ እንዳጣው ነገራቸው። በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ስትገባ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹን አፈጠጠባት። ፊቱ ገና ጨርሶ አልጎደለም፤ ዓይኖቹ ግን ተመልሰዋል። ጣቱን ሊያሳያት እጁን ሲያወዛውዝ፣ በሳሙና እምቢ ያለው ቀለበት ወልቆ አልጋ ሥር ገባ። ስንጥር ዘሎ ሊያነሳው ጎንበስ አለ።

«ኧረ ጎንበስ እንዳይሉ! ታፋዎ ገና ነው!» ብላ ነርሷ ጮኸች።

«አንዴ ብቻ ፍቀጂልኝ እህቴ» አላት። «ጎንበስ ብዬ ጭንቅላቴ ዝም ሲለኝ ልስማው።»

ልብስ ሰፊዋ ቀለበቱን አንስታ መልሳ አጠለቀችለት፤ አሁን እንዲያውም ሰፍቶታል። ወደ ቤት ሲሸኙ ሐኪሟ ደም የሚያቀጥነውን ኪኒን አንድም ቀን እንዳያስታጉል፣ በቀጠሮው እንዲመጣ፣ ፊቱ ወይም እጁ እንደገና ካበጠ ደግሞ ሰው «አማረብህ» እስኪለው ሳይጠብቅ የዚያኑ ቀን እንዲመለስ አስጠነቀቀችው። ስንጥር በዚህ ጊዜ አልቀለደም። ክትትሉን ማቋረጡ ምን እንዳመጣበት ገብቶታል።

ሰፈር ሲገባ ፊቱ ወደ ጥንቱ ተመልሶ ነበር። ባለሱቁ ከጥጉ አየውና እጁን በአፉ ጫነ።

«ምነው ስንጥር! ምን ነካህ? አምሮብህ አልነበር እንዴ፣ ከሳህ እኮ!»

መልሱን የሰጡት እናቱ ናቸው። በሱቁ መስኮት አንገታቸውን አስገቡ።

«ስማ ልጄ! እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ልጄ ሲታመም እሰይ ብዬ አጨበጨብኩ፤ ሊሞትብኝ ሲል ፎቶ ልሰቅል ነበር። ሰው ስታገኝ ፊቱን አትመዝን። እንዴት ነህ በለው፤ ከዚያ አፍህን ዘግተህ መልሱን ስማ።»

ባለሱቁ ደንግጦ ወደ ስንጥር ዞረ። «እሺ… እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ» አለ ስንጥር። ይህን ቃል በእውነት ሲለው ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑን ያወቀችው ሚስቱ ብቻ ናት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሦስቱም ተመልሰው ፎቶ ቤት ሄዱ። ስንጥር ያን ሰሞን ወለል ላይ ተመልሶ ተንበርክኳል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነጭ ዱቄት ይዟል። በሩ ላይ ሲደርስ የአሮጌ ጫማው ማሰሪያ ተፈትቶ አየ። ጎንበስ አለና አሰረው። መልሶ ፈታና፣ ሌላኛውንም ጨምሮ፣ እንደገና አሰረው። እናቱና ሚስቱ ቆመው ጠበቁት፤ አንዳቸውም «ፍጠን» አላሉትም።

ፎቶ አንሺው የአበባ አትክልቱን ጠግኖ ሰቅሎታል። ሲያነሳቸው ስንጥር ወደ እናቱ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ቀና ሲልም እየሳቀ ነው። ምስሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ተከፈተ። አንገቱ ላይ የቆመ ሥር የለም። ጉንጩ እንደ ወትሮው ገባ ብሏል። ከጉንጩ በላይ ሁለቱ ቀልደኛ ዓይኖች አሉ።

ፎቶ አንሺው ምስሉን ግራና ቀኝ አየና፣ ያለፈውን ጊዜ አስታውሶ ሊክሳቸው ፈለገ።

«እማማ፣ ከፈለጉ ጉንጩን ትንሽ ላሙላው?»

«እንዳትነካው!» አሉ እናትየው፤ ምራታቸውን በክንዷ ያዙ። «የልጄ ፊት ይሄ ነው። ምራቴ ለክታ ያመጣችልኝ።»